ታቡን ዘጋችሁት እንጂ አልወጣችሁም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ሀዋሳ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ የምሠራ ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁ የሚገዛው ወረፋ ለሚጠብቁ ደንበኞች ተብሎ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው ግን እኔ ነኝ። ስሜን አታውጡብኝ። ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል።

ነገሩ ስለ ብራውዘር ነው። ክሮም በሉት ፋየርፎክስ፣ ኢንተርኔት የምንከፍትበት ፕሮግራም ስለ እኛ የሚያስቀምጠው ብዙ ነገር አለ። ሁሉም ሰው «ሂስትሪውን አጥፋልኝ» ይላል። ምኑ ጠፍቶ ምኑ እንደቀረ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላየሁም። እኔም አልጠይቅም ነበር፣ እስክዋረድ ድረስ።

ካቻምና ነው። አንዲት ነርስ አመሻሽ ላይ መጣች። የሥራ ማመልከቻ ልታስገባ ነው፤ ቀነ ገደቡ ያን ዕለት እኩለ ሌሊት ያልቃል። 3 ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠች፣ ጂሜይሏን ከፈተች፣ ሲቪዋን አወረደች፣ ሁለት ቦታ ቀን አስተካከለች፣ ዲግሪዋን ስካን አደረግንላት፣ ላከች። ከፈለች፣ ታቡን በኤክስ ዘጋች፣ ባጃጅ ይዛ ወደ አቶቴ ሄደች። እኔ ደግሞ ማታ ቤቱን ልዘጋ ስል እንደ ልማዴ ኮምፒውተሮቹን ላጸዳ ተቀመጥኩ። ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ዲሊት። ሦስቱን አንድ ላይ ስትጫኑ የማጥፊያው ሳጥን ይመጣል፤ በክሮምም፣ በፋየርፎክስም፣ በኤጅም ያው ነው። እዚያ ውስጥ ያለውን ሁሉ ራይት አደረግኩ። የተጎበኙ ገጾች፣ ኩኪስ፣ ካሽ፣ የተቀመጡ ፓስወርዶች፣ ፎርም ላይ በራሳቸው የሚሞሉት ስምና አድራሻ፣ አንድም አልቀረኝም። ጊዜውን ደግሞ ያለፈውን አንድ ሰዓት ብቻ ማለት ስችል ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለውን መረጥኩ። አጠፋሁ። የሰው ምስጢር የምጠብቅ ጨዋ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ኮራ እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

በነጋታው ገና በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ ቆማለች። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አድርጋ «ወንድሜ፣ ፓስወርዶቼን ምን አደረግካቸው?» አለችኝ። «የምን ፓስወርድ?» አልኩ። ስልኳ ላይ ያስቀመጠቻቸው በሙሉ የሉም። የፌስቡኳ፣ በኦንላይን የምትማረው ኮርስ፣ ለሥራ ፍለጋ የከፈተቻቸው አካውንቶች፣ ሁሉም። ስልኳን እኔ አልነካሁትም። ምዬ ልክድ ምንም አልቀረኝ።

የሆነው ይሄ ነው። ጂሜይሏን ስትከፍት ክሮም አንድ ነገር ጠይቋት ነበር፤ በዚህ አካውንት ክሮም ውስጥም ልግባልሽ ወይ እንደማለት። ቸኩላለች፣ እሺ ብላ አለፈች። ማን እሺ የማይል አለ? ከዚያ በኋላ የእኛ 3 ቁጥር ላይ ያለው ክሮምና ስልኳ ላይ ያለው ክሮም አንድ ሆኑ። ሲንክ የሚሉት እሱን ነው። እዚህ ያጠፋሁት እዚያም ጠፋ። ሳጥኑ ሥር በደቃቅ ፊደል ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከዚህ መሣሪያ ላይ ብቻ ለማጥፋት መጀመሪያ ከአካውንቱ ውጡ ይላል። አላነበብኩትም። ያንን ሳጥን ስንት መቶ ጊዜ ከፍቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ወደ ታች ወርጄ አላነበብኩትም።

ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ አብረን ተቀምጠን «ፓስወርድ ረሳሁ» እያልን አንድ በአንድ አስመለስን፤ አልተከፈለኝም፣ ልጠይቅም አልደፈርኩ። አንዱ አካውንት ግን ሳይመለስ ቀረ፤ የተመዘገበበት ስልክ ቁጥር ድሮ የጣለችው ሲም ነበር።

እስቲ ደግሞ በሌላ በኩል አስቡት። ሰንፌ ሳላጸዳ ብሄድ ኖሮስ? በማግስቱ 3 ቁጥር ላይ የሚቀመጠው ማንም ይሁን ማን፣ ፌስቡክ ሲከፍት የእሷ ስምና ፓስወርድ ተሞልቶ ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ ማጽዳቴ አልነበረም ጥፋቱ። ሳላስወጣት ማጽዳቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ነገሩን የተማርኩት። ሂስትሪ የሚባለው የገባችሁባቸው ገጾች ዝርዝር ነው፣ በቃ። እሱን አጥፍታችሁ ኩኪሱን ከተዋችሁት አካውንታችሁ እንደተከፈተ ያድራል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ ባዶ መሆኑን አይቶ እፎይ ብሎ ይነሳል፤ ከእሱ ቀጥሎ የተቀመጠው ልጅ ጂሜይል ሲከፍት የዚያ ሰውዬ ደብዳቤዎች ዘርገፍ ይሉለታል።

ኩኪስ ስል የሚበላውን አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ አባት «ኩኪሱን ላጥፋልዎት?» ስላቸው «የለም ልጄ፣ ሻይ ብቻ ይበቃኛል» ብለውኛል፤ ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ድረ ገጹ እናንተን ለማስታወስ ብራውዘራችሁ ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ ጽሑፍ ናት፣ አንዷ ከ4 ኪሎ ባይት ገደማ አትበልጥም። በ1994 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሉ ሞንቱሊ የሚባል ፕሮግራመር ነው ያመጣት። ችግሩ ቀላል ነበር፤ ድረ ገጽ በተፈጥሮው ዝንጉ ነው፣ አንዱን ገጽ ከፍታችሁ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ማን እንደሆናችሁ አያውቅም፣ ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቅርጫቱ ውስጥ የከተተው ነገር እንዳይጠፋበት ምልክት አስፈለገ። እኔ ለደንበኛ ሳስረዳ ዕቃ አስቀምጣችሁ በር ላይ የምትቀበሏት ቁጥር ናት እላለሁ። ቁጥሯን ይዞ የመጣ ሁሉ ባለዕቃ ነው፣ ዘበኛው ፊቱን አያየውም። ፓስወርድ ስታስገቡ ቁጥሯ ትሰጣችኋለች። ታቡን ዘግታችሁ ስትነሱ ቁጥሯን ጠረጴዛው ላይ ትታችኋት ሄዳችሁ። ሎግ አውት ስትሉ ግን ቁጥሯ ትሰረዛለች፣ ማንም ቢያነሳት አትሠራም።

ካሽ ሌላ ነው። ብራውዘሩ የከፈታችሁትን ገጽ ምስሎችና ቁርጥራጮች ያስቀምጣል፤ ሁለተኛ ስትመለሱ እንደ አዲስ እንዳያወርዳቸው ነው። «ስልኬ ተንቀራፈፈ» ያለ ሁሉ ካሽ አጥፋ ይባላል። ስልኩ ሞልቶ ከሆነ ትንሽ ቦታ ይለቀቅለታል፣ አልክድም፤ ግን ነገ ያንኑ ገጽ ሲከፍት በገንዘቡ የገዛውን ዳታ ያንኑ ምስል መልሶ እያወረደ ይበላበታል። ካሽ ማጥፋት የሚያዋጣው ገጹ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ሲበላሽባችሁ ነው። ያኔም ቢሆን ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልና ኤፍ5 አንድ ላይ መጫን ያንን አንድ ገጽ ከምንጩ መልሶ ያመጣዋል፣ ሌላውን መነካካት አያስፈልግም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ደግሞ ምኑንም አጥፉት ምኑን፣ አገር ምድሩ አንድ በር ላይ ሲጋፋ ገጹ አይከፈትም። ያን ቀን ቤታችን እስከ አስፋልቱ ይሞላል፣ «እስቲ ካሹን አጥፋው» የሚለኝ ወላጅም አይጠፋም። አጥፍቼ አሳየዋለሁ። ልቡ ይረፍ ብዬ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ብራውዘሩ ራሱ አይደለም። ዳውንሎድ ፎልደሩ ነው። ብራውዘሩን አንጠርጥራችሁ ብታጸዱት ያወረዳችሁት ፋይል አይነካም። ማጥፊያው ሳጥን ላይ ዳውንሎድ የሚል መስመር ስላለ ሰው ይታለላል፤ የሚጠፋው ዝርዝሩ ነው፣ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል። ከነርሷ ጉዳይ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የ3 ቁጥርን ዳውንሎድ ፎልደር በደንብ ከፍቼ አየሁት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ፓስፖርት አለ፣ የቀበሌ መታወቂያ አለ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የባንክ ሂሳብ ማሳያ፣ ውክልና፣ አንድ የፍቺ ማመልከቻ ከነምክንያቱ፣ ለዲቪ የተነሱ ፎቶዎች ከነሕፃናቱ። ሰዎቹን ግማሹን በመልክ አውቃቸዋለሁ። ገብርኤል በር ላይ ሰላም የምንባባል ሰው የላብራቶሪ ውጤት ነበረበት። ሳላነበው ዘጋሁት፤ ባነበው ኖሮ ግን ማን ያውቅብኝ ነበር?

የቴሌግራሙ ደግሞ ይብሳል። የእኛ ሥራ ግማሹ በቴሌግራም ነው። «በዚህ ቁጥር ይላኩልን» ብለን ግድግዳው ላይ ለጥፈናል። ደንበኛው ይልካል፣ እኛ እናወርዳለን፣ ፕሪንት፣ ሂሳብ፣ ቻው። ፋይሉ ዳውንሎድ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚባል ሌላ ፎልደር ውስጥ ይከማቻል። ብራውዘር ማጽዳት እዚያ ዝር አይልም፤ ፕሮግራሙም ሌላ፣ መንገዱም ሌላ። ላኪው ከገዛ ስልኩ ላይ መልእክቱን ከሁለታችንም ዘንድ ማጥፋት ይችላል፣ ቴሌግራም ይፈቅዳል፤ እኛ ያወረድነው ቅጂ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ወረቀታችሁን ስትቀበሉ «ፋይሉን አጥፋልኝ፣ ከሪሳይክል ቢንም አውጣው» በሉ። ነውር አይደለም። አንዲት እማማ ውክልናቸውን ስካን ካስደረጉ በኋላ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና «ልጄ፣ ዓይኔ እያየ አጥፋው» አሉኝ። አጠፋሁት። ሊነሱ ሲሉ መለስ ብለው «የቆሻሻ ቅርጫቱንስ?» አይሉኝም! ማን እንደነገራቸው እስካሁን ይገርመኛል።

የዩኒቨርሲቲ ልጆች ደግሞ ይህን ሁሉ ስነግራቸው «እኛ ኢንኮግኒቶ ነው የምንጠቀመው» ይሉኛል። ባለ ባርኔጣውና ባለ መነጽሩ ጥቁር መስኮት ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ስትዘጉት ሂስትሪውንም ኩኪሱንም ይጥለዋል። ሁሉንም ከዘጋችሁ ነው ታዲያ፤ ሁለት የኢንኮግኒቶ መስኮት ከፍታችሁ አንዱን ብቻ ዘግታችሁ ከሄዳችሁ አካውንታችሁ በሁለተኛው ውስጥ አለ። ያወረዳችሁት ፋይልም አይጠፋም። ደግሞ የሚደብቃችሁ ከእኔና ከቀጣዩ ደንበኛ ነው እንጂ ከምትገቡበት ድረ ገጽ ወይም ኢንተርኔቱን ከሚያቀርበው ድርጅት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ኢንኮግኒቶ ውስጥ ሆነን እንኳ መረጃችንን ይሰበስባል ብለው በ2020 እ.ኤ.አ. ጉግልን ከስሰውት ነበር፤ በ2024 ጉግል በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቶ ነው ጉዳዩ ያለቀው። እንግዲህ ባርኔጣው ይህን ያህል ነው የሚከልለው። በአካውንታችሁ ገብታችሁ ጉግል ላይ የፈለጋችሁት ነገርም ብራውዘሩን ስላጸዳችሁ ብቻ ከጉግል ዘንድ አይጠፋም፣ እሱን አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ለብቻው ነው የምታጠፉት።

ለእኛ ዓይነት ቤት መፍትሔው ጌስት የሚባለው ነው፤ ይህን ለባልደረቦቼ ብዬ ነው የምጽፈው። ክሮም ላይ በስተቀኝ ከላይ ያለችውን ክብ የሰው ምስል ስትጫኑ ከታች ጌስት የሚል አለ። እሱ ሲከፈት የቀደመው ሰው ነገር አይታይም፣ የአዲሱም ሰው ነገር መስኮቱ ሲዘጋ ይጣላል፣ ከአካውንት ጋር ሲንክ ልሁን ብሎም አያስቸግርም። እኔ ክሮምን የምናስነሳበት ሾርትከት ላይ ሁለት ጭረትና ጌስት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጨምሬ ሁሉም ኮምፒውተር በዚያ እንዲነሳ አድርጌዋለሁ። ፋየርፎክስና ኤጅ የሚጠቀም ቤት ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ፣ በተዘጋ ቁጥር ራሱ እንዲያጠፋ ማዘዝ ይችላል። አንድ ጊዜ ተስተካከለ ማለት ማታ ማታ ኮንትሮል ሺፍት ዲሊት የለም። ዳውንሎዱን ግን አሁንም በእጅ ነው፣ እሱ አልቀረልኝም።

አሠሪዬ መጀመሪያ አልወደዱትም። «ደንበኛው በመጣ ቁጥር እንደገና ፓስወርድ ሊያስገባ ነው? ጊዜ ይፈጃል» አሉ። ልክ ናቸው፣ ይፈጃል። በተለይ ፓስወርዱን የማያስታውስ ሰው ሲመጣ ወረፋው ሁሉ ይቆማል፤ ድሮ ብራውዘሩ ያስታውስለት ነበር። «ጋሼ፣ የሱን ፓስወርድ የኛ ኮምፒውተር ለምን ያውቃል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። በኋላ እሳቸው ራሳቸው የኛ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ዌብ ከፍተው ሳይወጡ የሄዱበትን ቀን ሳስታውሳቸው ነው እሺ ያሉት። ያን ቀን ምን እንዳየሁ አልናገርም።

ሕጉንም ልጥቀስ፣ ለባለቤቶች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን ወንጀል ካደረገ ሰንብቷል። «ተከፍቶ አገኘሁት» የሚል ሰው ቤቱ በሩ ተከፍቶ ስላገኘ ገብቶ እንደሚጎረጉር ሰው ነው። የከተማችን የፎቶ ኮፒ ቤቶች ግድግዳ ላይ የዋጋ ዝርዝር አለ፣ «ዱቤ የለም» አለ፣ ስለ ደንበኛ ፋይል የሚል አንድ መስመር ግን የትም አላየሁም። የኛም ቤት ጭምር። እስካሁን።

ከሁሉ የከፋው በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ነው። ለገብርኤል ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፤ ቲኬት ፕሪንት የሚያደርገው፣ ፎቶ የሚያሳጥበው፣ ኢሜይል የሚያየው እኛ ዘንድ ይመጣል። ከዚያ አሞራ ገደል ዓሣውን በልቶ፣ ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነስቶ፣ ማታውኑ አውቶቡስ ላይ ነው። መልሰህ ጥራው ቢሉህ ከየት ታመጣዋለህ? ለእነዚህ ሰዎች ብዬ ነው ጋዜጣ ላይ መጻፍ የፈለግኩት፤ ምክንያቱም ከሄዱበት ሆነውም ማስተካከል ይችላሉ። ጂሜይልን በኮምፒውተር ስትከፍቱ ገጹ መጨረሻ ላይ በስተቀኝ ዝርዝር የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ፣ እሱን ስትነኩ ሌላ ቦታ የተከፈተውን ሁሉ የሚያስወጣ ቁልፍ ታገኛላችሁ። በስልክ ከሆነ የጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ሴኪዩሪቲ የሚለው ሥር የገባችሁባቸው መሣሪያዎች ተዘርዝረዋል፤ የማታውቁትን አስወጡት። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲቫይስስ፤ ከያዛችሁት ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ቀይ ጽሑፍ አለ። ዛሬ ማታ ክፈቱና እዩት። የት የት እንደተቀመጣችሁ ታያላችሁ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የሸጣችሁት ስልክ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ብታገኙት አይግረማችሁ። እኔ የራሴን ስከፍት ድሮ የሠራሁበት ቤት ኮምፒውተር አገኘሁ። ሰው ገስጬ ሰው አስተምሬ የራሴ እንዲህ ነበር።

ነርሷ አሁንም ደንበኛችን ናት። ሥራውንም አገኘችው። ስትመጣ 3 ቁጥር ላይ ነው የምትቀመጠው፣ ጌስት መሆኑን ከላይ አይታ ታረጋግጣለች፣ ስትጨርስ ሎግ አውት ትላለች፣ ዳውንሎድ ገብታ የራሷን ታጠፋለች፣ ሪሳይክል ቢኑን ትደፋለች። «ልርዳሽ?» ስላት ትስቃለች። ማውሱን ግን አታስነካኝም።

አክባሪያችሁ፣
ከሀዋሳ